እትዬ ሃሎ እና ባዶው ቁጥር

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ሬዲዮ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን ስፈታ ስገጥም ኖሬያለሁ፤ ከእጄ ወጥቶ ተመልሶ የመጣ ዕቃ በጣት የሚቆጠር ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ቢሆን የሚከለክለኝ የለም። የምለው የእትዬ ሃሎ ሬዲዮ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲመለስብኝ ምን ያህል እንደበገንኩ እንዲገባችሁ ነው።

እትዬ ሃሎ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ሕንጻ፣ መጨረሻው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ስለነበሩና ዛሬም በራቸው ሲንኳኳ «ማነው?» በማለት ፈንታ «ሃሎ» ስለሚሉ ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ያኔ ሩቅ አገር ስልክ መደወል እንዲህ እንደዛሬው ቀላል አልነበረም። ደዋዩ መነጋገሪያውን ያነሳል፣ እሳቸው «ሃሎ፣ ከማን ጋር ላገናኝ?» ይላሉ፣ ገመዱን ከቀዳዳው ይሰካሉ። ስንት ልጅ መወለዱ የተበሰረው፣ ስንት መርዶ የተረዳው በእሳቸው እጅ አልፎ ነው። ራሳቸው ግን አላገቡም። ለምን እንዳላገቡ ለሚጠይቃቸው «መስመሩ ተይዞብኝ» ይላሉ ይባላል። እኔ አልጠየቅኳቸውም። በሰው ጓዳ መግባት አልወድም።

ለነገሩ የእኔም ጓዳ ያው ነው። ሚስቴ ትታኝ ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ የሰውን ዕቃ ስትጠግን የራስህን ጸባይ ረሳኸው ብላኝ ነው የሄደችው። ሱቄ ውስጥ ስልክ አለ፤ የሚደወልልኝ ግን «ደረሰ ወይ?» ለማለት ብቻ ነው። ዕቃው ከደረሰ በኋላ የሚደውልልኝ ሰው የለም።

እትዬ ሃሎ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ሬዲዮዋን እንደ ሕፃን በፎጣ ጠቅልለው ነበር ያመጧት።

«ምን ሆነችብዎ እትዬ?»

«ሰው ይናገርባታል።»

«እንግዲህ ሬዲዮ አይደለች? ሰው አልናገርባት ሲል ነበር መምጣት።»

አልሳቁም። «አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል ይልና ጥፍት ይላል። መስመሩ ይቋረጥበታል። ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይቋረጣል።»

ሬዲዮዋን ከፍቼ አየኋት። ጣቢያ የምትቀይርበት ክር ከተበጠሰ ቆይቷል፤ መርፌዋ ምንም ጣቢያ በሌለበት ቁጥር ላይ ደርቃ ቀርታለች። ክሩን ልቀጥልልዎ ብላቸው እጄን ያዙኝ።

«እዚያው ትቆይ። ይሄ ሽሽ የሚለው ሽሽታ የተከፈተ መስመር ድምፅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጆሮዬ ላይ ነበር። ቤቱ ጭር ሲልብኝ እሱን ከፍቼ ነው የምውለው። አንተ የሚያቋርጠውን ነገር ብቻ ፈልግልኝ።»

እንግዲህ የሥራዬን ልማድ ልንገራችሁ፤ ጥፋቴ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት እጄ ስለማይንቀጠቀጥ ብየዳ ነው የምሠራው። የተሠራውን ከፍቼ የምሞክረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። የእትዬ ሃሎን ሬዲዮም ከሰዓት በኋላ ከፍቼ እስከ ማታ ሰማኋት። ሽሽሽ ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አቧራዋን ጠርጌ መለስኩላቸው። በሳምንቱ ይዘዋት መጡ። አንድ ሁለት ዕቃ ለውጬ፣ ከሰዓት በኋላ ሞክሬ መለስኩላቸው። ሦስተኛ ሲመጡ ደሜ ፈላ።

«እትዬ፣ ሬዲዮዋ ጤነኛ ናት» አልኳቸው፤ «ሬዲዮዋ» የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጌ።

«ገባኝ» አሉ። ፎጣቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ያዙና ሬዲዮዋንም፣ ከእሷ ጋር ያመጡትን ደብተርም ባንኮኒው ላይ ትተው መንገዱን ተሻገሩ። ያን ማታ እራት አልበላልኝ አለ። እንደዚያ መናገሬ ክፋት እንደሆነ ከአፌ ሲወጣ ነው ያወቅኩት፤ ሮጬ ሄጄ ይቅርታ ለማለት ግን አንገቴ ደንዳና ነው።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ዕለት፣ የወንድማቸው ልጅ መጣ። የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ አደብ ያለው፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ሰው ነው።

«ጋሼ፣ የአክስቴን ሬዲዮ እርስዎ ነዎት አሉ የሚያዩት። እውነት የተበላሸ ነገር አለው?»

«ምንም የለውም።»

«እንደፈራሁት ነው» አለና ወንበሬን ስቦ ተቀመጠ። «የሆነ ሰው ሊያገኘኝ እየሞከረ ነው ትላለች። በቀደም በሩ ላይ ቆሜ ስሰማ ሬዲዮውን ‹ይቆዩ፣ አይዝጉ› ትለዋለች። እዚህ ብቻዋን ልተዋት አልችልም። ቅዳሜ እኔ ዘንድ እወስዳትና ሐኪም ያያታል፤ ቤቱንም እንዘጋዋለን። እምቢ ብላኛለች። ሬዲዮው ደህና መሆኑን ቢጽፉልኝ ሐኪሙም እሷም ያምኑ ነበር።»

ጣጣው እንዳይነካኝ ብዬ ጻፍኩለት። «ይህ ሬዲዮ ምንም ብልሽት የለበትም። በዚህ ቁጥር ላይ የሚሰማ ጣቢያ የለም።» ፈረምኩ፤ የሱቁንም ማኅተም መታሁበት። ሥራዬን በማኅተም ማስከበር ስለምወድ ነው። ሰውዬው አመስግኖኝ ሄደ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲያገናኙ የኖሩ ሴት በእኔ ማኅተም ከቤታቸው ሊወጡ ነው።

ያን ማታ ሱቁን ስዘጋ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሜ ልሞክራት የከፈትኳትን የእሳቸውን ሬዲዮ ማጥፋት ረሳሁ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፍቼ ስገባ ሽሽ ትላለች። አጠፋታለሁ እያልኩ መበየጃዬን አግዬ ሥራ ጀመርኩ። የአንድ ቴፕ ሆድ ዕቃ ላይ እንዳጎነበስኩ ከጀርባዬ አንድ ወንድ ጥርት ባለ ድምፅ «ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ።

መበየጃው ጣቴ ላይ አረፈ። የተቃጠለውን ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ዞርኩ፤ ሱቁ ውስጥ ማንም የለም። ሬዲዮዋ ሽሽታዋን ቀጥላለች። ቆምኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሙዚቃ ቁራጭ፣ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ የማትቆይ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «...እንደነገርኳችሁ...»። ረፋዱ ላይ እየሳሳ ሄደ። እኔ ከሰዓት በኋላ የምሞክራት ሬዲዮ ጠዋት ጠዋት ስታወራ ኖራለች ማለት ነው።

ደብተሩን ገለጥኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ የቆየበት ሰከንድ፣ የተሰማው ቃል፤ ሁሉም በመስመር ተከፋፍሎ፣ ስልክ ሲያገናኙ ይመዘግቡ እንደነበረው ተጽፏል። «አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ሁለት ሰከንድ። መስመር ላይ ነሽ።» «አንድ ሰዓት ከሠላሳ። ግማሽ ሰከንድ። ሙዚቃ።» ገጽ በገጽ እንዲህ ነው። ዓምናም አለ። እኔ ጤና የጎደለው ያልኩት ሰው ጽሑፍ ይህ ነበር፤ አፈርኩ።

ደብተሩ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቴፑን ሊወስድ የመጣው የፊዚክስ መምህር ደረሰብኝ። የማይታይ ዕዳ ያለበት ይመስል ሁሌ የሚቻኮል ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ደብተሩን ከእጄ ተቀብሎ ቁጭ አለ።

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

ነገርኩት። ዓምና የተጻፈውን ከዘንድሮው ጋር አስተያየና ሳቀ። «ተመልከት፤ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት ሁለት ሦስት ነው። በዚህ ወር ይጨምራል፤ በዚህች ሳምንት በሰዓት አሥር ይደርሳል። ዓምናም በዚህችው ሳምንት ነው። ሴትዮዋ ሳያዩ ተወርዋሪ ኮከብ ሲቆጥሩ ነው የከረሙት።»

ከዚያ አስረዳኝ። አንድ ጅራታም ኮከብ አለ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አንዴ ወደ ፀሐይ ብቅ ይላል፤ ሲሞቅ አቧራውን እያራገፈ ያልፋል። አቧራው በሄደበት መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ምድር ደግሞ ፀሐይን ስትዞር በየዓመቱ በነዚሁ ቀናት ያንን መንገድ ታቋርጣለች። ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ብናኝ በሰከንድ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ አየሩን ሲመታ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነዶ ያልቃል። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው እሱን ነው። ሲነድ ያለፈበት አየር ለአንድ አፍታ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ያ ቀጭን የአየር ሽንጥር እንደ መስታወት ሆኖ የሬዲዮ ሞገድ ይመልሳል። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የሩቅ አገር ጣቢያ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ ከሽንጥሩ ተንጸባርቆ ሲወርድ ግን ለአንድ ሰከንድ ይደርሳል። ሽንጥሩ ሲበተን ድምፁም ይጠፋል።

«ጠዋት ጠዋት የሆነውስ?»

«መኪና ስትነዳ ትንኝ የሚለጠፈው የፊቱ መስታወት ላይ ነው ወይስ የኋላው?»

«የፊቱ።»

«ጠዋት ላይ እኛ ያለንበት ጎን የምድር ፊት ነው። ወደ አቧራው የምንሄደው በፊታችን ነው። ከሰዓት በኋላ ጀርባ እንሆናለን።»

ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ እኔም አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ባዶ ቁጥር ላይ ድምፅ ከተሰማ ከየት መጣ ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሰው ሳይሆን ዕቃ ብቻ አዳምጬ ነው ያለፈኝ።

ዓርብ ጠዋት አራቱን ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ።

«ሃሎ» አለ ድምፃቸው ከውስጥ።

«ሬዲዮ ጠጋኙ ነኝ፣ እትዬ። እኔም ሰማሁት።»

በሩ ተከፈተ። ሁለት ሻንጣ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል። ፊታቸው በአንድ ጊዜ ሲበራ አየሁ፤ ውሸት አልናገርም፣ አንጀቴን በሉት።

«ድምፁን ለየኸው? ምን አለ?»

«‹ትሰሚኛለሽ› አለ።»

ወንበር ሰጡኝና ተቀመጡ። ከዚያ ለማንም ያልተናገሩትን ነገሩኝ። ከሩቅ ከተማ፣ ከወዲያኛው የስልክ ማገናኛ፣ ከሴንትራሉ፣ አንድ ኦፕሬተር ነበር። ሥራው ላይ የሚጠራሩት በቁጥር ነው፤ እሳቸው ሦስት ነበሩ፣ እሱ ሰባት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየጠዋቱ መጀመሪያ የሚሰሙት የእሱን ድምፅ ነበር። «ሃሎ ሦስት፣ ትሰሚኛለሽ?» ይላል፤ መስመሩን ለመሞከር። ማታ ሲለያዩ ደግሞ አንድ ሁለት ቃል ይቀላለዳሉ። ተያይተው አያውቁም፤ ስሙንም አያውቁትም። አውቶማቲኩ ስልክ ሲገባ የሁለቱም ሴንትራል በአንድ ቀን ተዘጋ። ያን ማታ «ነገ ደግሞ...» ብሎ ሲጀምር መስመሩ ተቆረጠ።

«የመጨረሻዋን ቃል አልሰማኋትም» አሉኝ። «በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሳላገናኝ የቀረሁት አንድ ጥሪ እሱ ነው። እና አሁን ሲጣራ እንዴት ዝም ልበል?»

መናገር ነበረብኝ። የአቧራውን ነገር እዚያው ማውጣት ነበረብኝ። ግን «ነገ ንጋት ላይ ጣራው ላይ እንውጣ፤ የወንድምዎን ልጅ ያምጡት፤ እኔ አንድ የፊዚክስ መምህር አመጣለሁ፤ እሱ ያስረዳናል» ብቻ ብዬ ወረድኩ።

ቅዳሜ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራታችንም ጣራው ላይ ነበርን፤ ሬዲዮዋ የውሃ ጋኑ ላይ ተቀምጣ ሽሽ ትላለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። እውነቴን ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ አንገቴን አቅንቼ ሰማይ አይቼ አላውቅም ነበር። አንዷ ነጭ ጭረት ከጋኑ በላይ ተወረወረች፤ ቆይታ ሌላ፤ ከዚያ ሁለት ተከታትለው። እትዬ ሃሎ ሻርፓቸውን ተከናንበው ሰማዩን ሳይሆን ሬዲዮዋን ነው የሚያዩት። ጭረት በታየ ቁጥር እኔ ጆሮዬን እቀስራለሁ፤ ሬዲዮዋ ግን አንድም ቃል የለም።

«የምታየውና የምትሰማው አንድ አይደለም» አለኝ መምህሩ በሹክሹክታ። «እኛ የምንሰማው በእኛና በጣቢያው መካከል፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚነደውን ነው። ደግሞ በዚህ ሰዓት ጣቢያው ገና አልተከፈተ ይሆናል።»

ነጋ። ኮከቦቹ አንድ በአንድ ጠፉ። የወንድማቸው ልጅ ሰዓቱን አየ፤ አውቶቡሳቸው ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ኪሱ ውስጥ የእኔ ወረቀት እንዳለ ቅርጹ ያስታውቃል።

«አክስቴ፣ በቃ እንውረድ። ኮከቡም አለቀ።»

«አላለቀም» አለ መምህሩ። «ፀሐይ ስለወጣ አይታይም እንጂ መውደቁን አላቆመም።»

«አንድ ሩብ ሰዓት ጨምርላቸው» አልኩት የወንድማቸውን ልጅ። ጨመረ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሬዲዮዋ ሽሽ። የወንድማቸው ልጅ ሻንጣ ሊያወርድ ዞሮ ደረጃው አፍ ላይ ደርሷል።

«ሃሎ? መስመር ላይ ነሽ? ዛሬ ከየት ነው የምት—»

ሦስት ሰከንድ ሙሉ ሬዲዮዋ ተናገረች። የወንድማቸው ልጅ ደረጃው ላይ ቀጥ አለ። ተመልሶ መጥቶ አክስቱ ፊት ቆመ፤ ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት አነሳ።

«ሰማሁት» አላቸው። «እኔም ሰማሁት፣ አክስቴ። ይቅር በይኝ።» ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። ማኅተሜን ወደ ውስጥ አጥፌ ኪሴ ከተትኳት።

መምህሩ ደስ ብሎት ማስረዳት ጀመረ፤ ጅራታም ኮከቡን፣ አቧራውን፣ መስታወቱን። ጣቢያው ከአድማጮች ጋር በስልክ የሚያወራ የጠዋት ዝግጅት ሳይኖረው አይቀርም፤ «ሃሎ» የሚለው አዘጋጁ ነው፤ «ትሰሚኛለሽ» የሚለውም ስልክ የደወለችለትን ልጅ ነው። ዝም በል ብዬ እግሩን ልረግጠው ፈለግኩ፤ ሩቅ ነበር።

እትዬ ሃሎ እስኪጨርስ በጨዋነት አዳመጡት።

«ድምፁ ወጣት መሆኑን አውቄ ነበር» አሉ። «ሰባት ዛሬ ሽማግሌ ነው። አውቄ ነው ያላወቅኩት።» ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው የደወለልኝ ሰው የለም ማለት ነው።»

እኔን አዩኝና «ክሩን ቀጥልልኝ» ብለው ወረዱ።

ቤታቸው ቀሩ፤ ሻንጣው ተፈታ፤ የወንድማቸው ልጅ ብቻውን ተሳፈረ። ያሰብነው ሁሉ ተሳካ። እኔ ግን ሬዲዮዋን አቅፌ ሱቄ ስገባ የሰረቅኩ ያህል ተሰማኝ። ክሩን ቀጠልኩ፤ የከተማችንን ጣቢያ አስይዤ አደረስኩላቸው። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ከመስኮታቸው ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ሽሽታዋን ከሱቄ ሆኜ እሰማት እንደነበር ያወቅኩት ስትጠፋ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ደህና ነህ ይሉኛል፤ ደህና ነኝ እላለሁ። አልተቀየሙኝም። ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ግን ተለከፍኩ። ጠዋት ጠዋት አንድ አሮጌ ሬዲዮ በዚያ ባዶ ቁጥር ላይ ከፍቼ ብየዳዬን እሠራለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቃል ይወድቅልኛል። የምነግረው ሰው የለኝም። ብቻዬን የምኖር መሆኔን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደ ነጻነት ስቆጥረው ከርሜ፣ «...ደህና አደራችሁ...» የሚል የማላውቀው ሰው ድምፅ ሰምቼ ዞር ብዬ የማሳየው ሰው ሳጣ ያን ጊዜ ብቸኝነት ምን እንደሆነ ገባኝ።

ዓመቱ ዞሮ ያች ሳምንት ደረሰች። አራቱን ፎቅ ወጣሁ፤ ማንኳኳት ግን አቃተኝ። ኪሴ ውስጥ ያቺ ማኅተም ያለባት ወረቀት ነበረች፤ ዓመት ሙሉ መጣልም መቅደድም አቅቶኝ ይዣት ዞሬያለሁ። ጀርባዋ ላይ የባዶውን ቁጥር ጻፍኩ፤ ከሥሩ «ከነገ ጀምሮ ይበዛል፤ እኔ እሰማለሁ» ብዬ ጨመርኩና በበሩ ሥር አሾልኬ ወረድኩ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የሱቄ ስልክ ጮኸ። ማን ይሆን በማለዳ «ደረሰ ወይ?» የሚለኝ ብዬ እያጉረመረምኩ አነሳሁ።

«ሃሎ» አለኝ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ድምፅ፣ ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል። «ሦስት ነኝ። ትሰማኛለህ?»

«እሰማዎታለሁ፣ እትዬ።»

«አሁን የወረደውን ሰማኸው?»

«‹ከዝናቡ በኋላ› ነው ያለው።»

«‹ከዝናቡ በኋላ መንገዱ›። መጨረሻዋን አልያዝካትም። ጻፋት።»

ጻፍኳት። ከዚያ ስልኩን ሳንዘጋ ማዳመጥ ቀጠልን። በአንድ ጆሮዬ የእኔ ሬዲዮ፣ በሌላው በስልኩ ውስጥ የእሳቸው፣ ሁለቱም ሽሽ ይላሉ። ረፋዱ ላይ ቃላቱ ሳሱ፤ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ በጣቱ ያንኳኳል፤ በእጄ ጠብቅ አልኩት።

«በል፣ ሥራህን ሥራ» አሉኝ እትዬ ሃሎ። «ነገ ደግሞ እደውላለሁ።»

መስመሩ የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ደንበኛው ቴሌቪዥኑ ደርሶለት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አልደረሰም ነበር፣ ለነገ ቀጠርኩት፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት እንዳይመጣ ግን አስጠነቀቅኩት።